ለጥቂት ተረፍን

«ለጥቂት» የምትባል ቃል አለችን። መኪና ሊገጨን ሲል ለጥቂት ተረፍን እንላለን። የተንከባለለው ድንጋይ ለጥቂት ሳተን፤ ከጎርፉ ለጥቂት አመለጥን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናማትባለን፤ «ተመስገን! እሱ ነው ያተረፈን» እንላለን፤ ማታ ለቤተሰብ እናወራዋለን፤ በሦስተኛው ቀን እንረሳዋለን። ማመስገኑ ደግ ነው፤ እኔ ከምስጋና ጋር ጠብ የለኝም። የሚከነክነኝ ከተመስገን ቀጥሎ የሚመጣው ዝምታ ነው። ለጥቂት የተረፈ ሰው ዕዳ የለበትም ወይ? «እኔስ ተረፍኩ፤ ከኋላዬ የሚመጣውስ?» ብሎ መጠየቅ አይገባውም ወይ?

ይህን ጥያቄ እስቲ ወደ ሰማይ ልውሰደው። እንደ አውሮፕላን በረራ ጥያቄውን አጥርቶ የሚያሳይ ሥራ አላገኘሁምና ነው።

የተወለድኩት ጋይንት ነው። በካርታ ላይ ከባሕር ዳር እስከ ላሊበላ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ብታሰምሩ፣ መስመሩ በደብረ ታቦርና በጋይንት ሰማይ በኩል ያልፋል። ልጆች ሳለን ከብት ስንጠብቅ አውሮፕላን በጉና በኩል ብቅ ሲል አንጋጠን እንቀር ነበር። ሰማዩ ዳር ድንበር የሌለው ሜዳ ይመስለናል። «እዚህ ሜዳ ላይ ደግሞ ማን ከማን ይጋጫል?» ያሰኛል።

ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሰማይም መንገድ አለው፤ መንገዱም ይጨናነቃል። አንድ የመንገደኞች ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲመጡ 1,800 ይሆናል ማለት ነው፤ በየሰከንዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ። አንዱ ከደብረ ታቦር በላይ፣ አንዱ ከነፋስ መውጫ በላይ ሆነው በአንድ ከፍታ ቢፋጠጡ፣ እኛ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ የምንለፋበትን አገር ጨርሰው ለመገናኘት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅባቸውም። አብራሪው የመጣበትን ነገር በዓይኑ አይቶ ይሸሻል ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ከታች ሆኖ የሚያያቸው፣ «አንተ ውጣ፣ አንተ ቆይ፣ አንተ ወደ ግራ» የሚላቸው ሰው ያስፈልጋል። በከፍታ ላይ በሁለቱ መካከል የሚጠብቀው ርቀት ሽቅብ አንድ ሺህ ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ነው። ይህ ሰው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ይባላል።

አንድ ጊዜ ይህን ለአጎቴ ሳስረዳ፣ «እና ይኸ የምትለው ሰው የት ተቀምጦ ነው?» አሉኝ።

«አንዳንዱ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ራዳር ላይ አፍጥጦ፣ አንዳንዱ ደግሞ ማማ ላይ ነው» አልኳቸው።

ማማ ስላቸው ፊታቸው በራ። አጎቴ ስማዳ ቆላ ማሽላ ያርሳሉ። ማማ ምን እንደሆነ ከኔም፣ ከኢንጂነሩም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ማሽላው እሸት ሲይዝ አራት ባላ ይተከላል፤ በላዩ ርብራብ ይረበረባል፤ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይወጣበታል። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይጠብቃል። የዓመት ልፋት እሱ ዓይን ላይ ነው ያለው።

«ስንት ሁነው ይፈራረቃሉ?» አሉኝ ቀጥለው። ስለ ደመወዙ አልጠየቁኝም፤ ስለ ራዳሩም አልጠየቁኝም። «ቀን የጠበቀ ልጅ ሌሊት አይጠብቅም። ካስጠበቅኸው ይተኛል። ከተኛ ማሽላው ያልቃል። ካለቀ በኋላ ልጁን ብትገርፈው፣ ማሽላው ላይመለስ!»

ይህን የአጎቴን ፍልስፍና ይዘን ወደ አውሮፓ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002 ሌሊት፣ ከስዊዘርላንድ ጠረፍ ማዶ ጀርመን ውስጥ፣ ዩበርሊንገን በምትባል ከተማ ሰማይ ላይ አንድ የሩሲያ የመንገደኞች አውሮፕላንና አንድ የዲኤችኤል የጭነት አውሮፕላን ተጋጩ። 71 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ለዕረፍት ይጓዙ የነበሩ ልጆች ነበሩ። ሰማዩን ይቆጣጠር የነበረው ዙሪክ ያለው ስካይጋይድ የተባለ ድርጅት ነው። በዚያች ሌሊት ሥራ ላይ የነበረው ተቆጣጣሪ ፒተር ኒልሰን ይባላል። አውሮፕላኖቹን እንዲርቁ ማዘዝ ሲገባው ዘገየ፤ ሲያዝም የሩሲያውን «ውረድ» አለው። እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው፣ ቲካስ የሚሉት የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ደግሞ በዚያው ቅጽበት «ውጣ» ይል ነበር። የሩሲያው አብራሪ ሰውየውን አምኖ ወረደ። የጭነቱ አውሮፕላን መሣሪያውን ሰምቶ ወረደ። ተገናኙ።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ ኒልሰን ነው። ግን ማማውን ዞር ዞር ብለን እንየው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» ይላል የአገሬ ሰው። በዚያች ሌሊት ስንት ባላ ተነቅሎ ነበር? ሁለት ሆነው መሥራት ሲገባቸው ባልደረባው ሊያርፍ ወጥቷል፤ ይህም በቤቱ የተለመደና አለቆች እያወቁ የታለፈ ነገር ነው። ስለዚህ አንዱ ሰው በሁለት ጠረጴዛ ላይ እየተመላለሰ ይሠራል፤ የዘገየ ሌላ አውሮፕላንም በዚያው ሰዓት እያሳረፈ ነው። ራዳሩ ለጥገና በተቀነሰ አቅም ይሠራል፤ «ሊጋጩ ነው» ብሎ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ ጠፍቷል። ዋናው ስልክ ለጥገና ተዘግቷል፤ መጠባበቂያው ብልሽት አለበት። ጀርመን ካርልስሩኸ ያሉ ተቆጣጣሪዎች አደጋው ሲመጣ አይተው ደጋግመው ቢደውሉም መስመሩ አልገባላቸውም። ከባላዎቹ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሱም ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያሳዝናል። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በአደጋው ያጣ ቪታሊ ካሎዬቭ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ኒልሰንን ቤቱ ድረስ ሄዶ በራፉ ላይ በስለት ገደለው። እኛ ጎንደሬዎች ይህን ሰው ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ደም መመለስን እናውቀዋለን። ሐዘኑን ማንም አይንቅበትም። ግን ደሙ የተመለሰው በማን ላይ ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ሌላ መልስ ሰጠ፤ አራት የስካይጋይድ ሥራ አስኪያጆችን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላቸው። ባላ የነቀሉትን ሰዎች ጠየቀ ማለት ነው። ኒልሰን ግን ፍርዱን ለመስማት በሕይወት አልነበረም።

ይህ እንግዲህ ያልተረፈው ነው። አሁን ወደ ተረፈው ልመለስ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነውና።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን ዋሽንግተን ለማረፍ ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተላትሞ 92 ሰው ሞተ። ተቆጣጣሪው «ወደ ማረፊያው ለመቅረብ ተፈቅዶልሃል» ብሎት ነበር። አብራሪው ይህን «ወደ ታች ውረድ፤ ችግር የለም» ብሎ ሰማው፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ «ተራራውን እሱ ያውቀዋል» ብሎ ተወው። አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ሁለት ትርጉም። የሚያስደነግጠው ግን ይህ አይደለም። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዐረፍተ ነገር ተሳስቶ፣ ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስቶት ነበር። እነዚያ ተርፈው ለድርጅታቸው ተናገሩ፤ ድርጅቱም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። የጎረቤቱ አብራሪዎች ግን አልሰሙም። አያችሁ? ወሬው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ቢሻገር ኖሮ 92 ሰው እቤቱ ይገባ ነበር። «ተመስገን» ብለው አልተኙም እኮ፤ ግን ለራሳቸው ብቻ ተናገሩ።

ይህ የድሮ ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በዚያው በዋሽንግተን አንድ የመንገደኞች አውሮፕላንና አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰው ሞተ። ማማው ላይ የሄሊኮፕተሩንም የአውሮፕላኑንም ሥራ አንድ ተቆጣጣሪ ደርቦ ይዞት ነበር። መርማሪዎቹ መዝገብ ሲያገላብጡ ምን አገኙ? ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያ አየር ማረፊያ ዙሪያ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከልክ በላይ የተቀራረቡበት 15,214 አጋጣሚ ተመዝግቧል። ከእነዚህ 85ቱ ለጥቂት የሚባሉ ነበሩ። ሰማዩ ከአስራ አምስት ሺህ ጊዜ በላይ ተናግሯል ማለት ነው። ሰሚ አልነበረም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት እኛ ብቻ አይደለንም የምንተርተውና የማንሠራበት።

ለምን ግን አንሰማም? ለምንስ አይነገረንም? መልሱን ያገኘሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው።

አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ አገር ቤት ስንወጣ፣ ደብረ ታቦርን አልፈን ጋይንት ሳንደርስ፣ መታጠፊያ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ከመንገዱ ወጣና ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ አንቀላፍቶ ነበር። ለጥቂት! ሰው ሁሉ ጮኸ። «ሊፈጀን ነበር!» «ይታሰር!» «ፖሊስ ጥሩ!» የሚል በዛ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ብቻ ወደ ፊት መጥተው፣ «ልጄ፣ ከተኛህ ስንት ቀንህ ነው?» አሉት።

«እማማ፣ ትናንት ሌሊት እንደተነሣሁ ነኝ። የሚተካኝ ታመመ። ባለንብረቱ ካልሄድክ ቁልፉን አስረክብ አለኝ።»

«በል ውረድና ጋደም በል። እኛም እዚህ ቁጭ እንላለን።»

ነጋዴው ተነሣ። «እንዴ እማማ! እኔ እኮ ገበያ ያመልጠኛል!»

«ገበያው በሳምንቱ ይመጣል፤ አንተ ከሞትክ ግን አትመጣም» አሉት።

ልጁ ሁለት ሰዓት ያህል ተኛ። ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከመውረዳችን በፊት ግን ሹፌሩ እየተሽቆጠቆጠ፣ «እባካችሁ ለማንም እንዳትናገሩብኝ» አለ። ሁላችንንም ያስጨነቀን ልመና ነው። ቢነገር የሚባረረው እሱ ነው፤ እንቅልፍ የነሣው ሰው አይነካም። ባይነገር ደግሞ ነገ ሌላ ሹፌር በዚያው መታጠፊያ ያንቀላፋል። እውነት የተናገረ የሚቀጣበት ቤት ውስጥ «ለጥቂት» ምስጢር ሆኖ ይቀበራል። እኛም ለጥቂት መትረፋችንን የምናውቀው አንድ ቀን ሳንተርፍ ስንቀር ነው።

በአቪዬሽን ዓለም ይህን ቋጠሮ ለመፍታት የሞከሩት በሚገርም ዘዴ ነው። ከዚያ ከ1974ቱ አደጋ በኋላ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ የጥቆማ ሥርዓት አቋቋሙ። አብራሪም ሆነ ተቆጣጣሪ «እንዲህ ልሳሳት ነበር፤ ለጥቂት ተረፍን» ብሎ የሚጽፍበት ነው። ጽሑፉን የሚቀበለው የሚቀጣው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የጠፈር ምርምሩ ናሳ ነው። ስሙ ተፍቆ ትምህርቱ ብቻ ለሁሉም ይሠራጫል። ወንጀልና የደረሰ አደጋ በዚህ አይሸፈንም። የሚሸፈነው በቅንነት የተሳሳተ ሰው ነው። ይህ ልቅነት አይደለም፤ ከንስሐ ጋር የሚቀራረብ ጥበብ ነው። ንስሐ አባት የሰማውን አደባባይ አያወጣም፤ ስለዚህ ይነገረዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰማይ። በነሐሴ 2010 መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይሻሻልልን ብለው ሥራ አቆሙ። የቀሩትን ሥራ በጡረተኞችና ከውጭ በመጡ ተቆጣጣሪዎች ለመሸፈን ተሞከረ። የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር «የአዲስ አበባ ሰማይ አያስተማምንም» ሲል መግለጫ አወጣ፤ አየር መንገዱ ሐሰት ነው ብሎ አስተባበለ። በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሰሞን ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎች ታሰሩ።

በጊዜው በየቡና ቤቱ ክርክሩ ጦፎ ነበር። ግማሹ «የሰው ነፍስ እጁ ላይ ያለ ሰው እንዴት ጥሎ ይወርዳል?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «የሰው ነፍስ እጁ ላይ ያለ ሰው እንዴት ሰሚ ያጣል?» ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት ናቸው እላለሁ፤ ስህተቱ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ነው። ማሽላው እሸት ይዞ ሳለ ጠባቂ ከማማ አይወርድም፤ ይህን አጎቴም አይቀበሉትም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የአየር ትራንስፖርትን አድማ ከማይመታባቸው አገልግሎቶች መድቦታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም የአየር ትራፊክ ቁጥጥርን ሥራ ማቆም ሊከለከልበት ከሚችል አስፈላጊ አገልግሎት ይቆጥረዋል። ነገር ግን ያው ድርጅት አንድ ነገር ጨምሮ ይናገራል፤ አድማ የከለከልከውን ሠራተኛ ቅሬታውን ፈጥኖ የሚዳኝ ገለልተኛ ሸንጎ ልትሰጠው ግዴታ አለብህ ይላል። «አትውረድ» ያልከውን ሰው «ምን ሆንክ?» የማለት ዕዳ ገባህ ማለት ነው። ዝም በል እና አትውረድ በአንድ ሰው ላይ አይደራረቡም። እ.ኤ.አ. በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11,000 በላይ አድመኛ ተቆጣጣሪዎችን በአንድ ጊዜ አባረሩ። ማማውን በአንድ ቀን ባዶ ማድረግ ይቻላል፤ ሰው አሠልጥኖ መልሶ መሙላት ግን ዓመታት ይፈጃል።

ተቆጣጣሪውን የሚረዳው ሰው ከማጣታችን በፊት እሱ ራሱ ምን እንደሚሠራ እንወቅ። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አውሮፕላናችን መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ላይ እንዳለ ቦሌን አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ተጣሩ፤ የሚመልስ የለም። ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። የአውቶማቲክ መሪው ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ነቅተው፣ ዞረው በሰላም አረፉ። የዚያን ቀን ዜናው ስለተኙት ነበር። ነቅቶ ሲጣራ ስለነበረው ሰው ግን የጠየቀ አልሰማሁም። ያልደረሰ አደጋ ፎቶ የለውም፤ ያልሞተ ሰው ለቅሶ አይደረስለትም። ስለዚህ የጠባቂ ምስጋና ሁልጊዜ ይቀራል፤ ወቀሳው ግን አንድም ቀን አይቀርም።

ሌላም ልጨምር። በየካቲት 2016 በሶማሊያ ሰማይ ላይ የኢትዮጵያና የኳታር አየር መንገድ አውሮፕላኖች ከሞቃዲሾ በተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ ሊጋጩ ለጥቂት ተረፉ ሲል የሶማሊላንድ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አስታውቆ ነበር። በወቅቱ ሞቃዲሾና ሃርጌሳ «ሰማዩን የማዘው እኔ ነኝ» እያሉ ይሟገቱ ነበር። ከላይ ያለው መንገደኛ ይህን ሙግት አያውቀውም። እሱ ሻዩን እየጠጣ ነው።

አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር አውሮፕላኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ከመቶ በላይ ሆነዋል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተወጠነው አዲስ አየር ማረፊያ በመጨረሻው ምዕራፍ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ደስ ይላል። አውሮፕላን ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ተርሚናል ሲሠራ ይመረቃል። ለአንድ ተጨማሪ ተቆጣጣሪ፣ ለአንድ ተጨማሪ ፈረቃ፣ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ግን ሪባን የለም። ባላ ሲነቀል የሚታየው የለም፤ የሚታየው ማማው ሲወድቅ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ለጥቂት የተረፈ ሰው ዕዳ አለበት ወይ? አለበት እላለሁ፤ ዕዳውም በሦስት ይከፈላል። ተቆጣጣሪው፣ ሹፌሩ፣ ሌሊት የምታድረው ነርስ፣ ማንም የሌላውን ነፍስ የያዘ ሰው ዕዳው መናገር ነው፤ «ደክሞኛል፣ ልሳሳት ነበር» ማለት። አለቃው ዕዳው የተናገረውን አለመቅጣትና ባላ አለመንቀል ነው። የእኛ የተሳፋሪዎቹ ዕዳ ደግሞ ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉም ይከብደናል፤ መዘግየት ነው። «በረራው ለምን ሰላሳ ደቂቃ ዘገየ?» ብለን ከመጮኻችን በፊት ያቺ ሰላሳ ደቂቃ የሰው እንቅልፍ ልትሆን እንደምትችል ማሰብ ነው። የጠባቂውን ዕረፍት አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። ወይ ሁላችንም በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ሰዓት እንከፍለዋለን፤ ወይ ጥቂት ሰዎች በነፍሳቸው ይከፍሉልናል።

ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ የሚጮኸው እኮ ስላልሰማ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሲጠብቅ አድሮ ስለደከመው ነው። ውሻውን ከመምታታችን በፊት፣ ያን ሁሉ ሌሊት ብቻውን ማን እንዳስጠበቀው እንጠይቅ።